የእናቴን የፊት ሕመም ያመጣው ካንሰር ያልሆነ እጢ ነው ተባልን፤ ኦፕራሲዮን ያደረጋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ

ማክዳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ስለ እናቴ ነው። 54 ዓመቷ ነው። ሦስት ዓመት ሆናት፤ ቀኝ ፊቷን፣ ከጉንጯ እስከ ታችኛው መንጋጋዋ፣ ድንገት ኮረንቲ እንደያዘው ሰው ያደርጋታል። ጥቂት ሰከንድ ይቆይና ይለቃታል። ከዚያ ይመለሳል። ጥርሷን ስትቦርሽ፣ ፊቷን ስትታጠብ፣ ነፋስ ሲነካት፣ አንዳንዴ ስታወራ ብቻ ይነሳባታል።

መጀመሪያ የጥርስ ነው ተብሎ ሁለት መንጋጋ ጥርሶቿ ተነቀሉ። ሕመሙ ግን ወይ ፍንክች። በኋላ አንድ የነርቭ ሐኪም ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ (የፊት ስሜት ነርቭ ሕመም) ነው ብሎ ካርባማዜፒን የተባለ መድኃኒት ጀመረላት። ስምንት ወር ያህል እፎይ አለች። አሁን በቀን 800 ሚሊግራም እየወሰደችም መድኃኒቱን እየጣሰ ይመጣባታል። ከዚያ በላይ ሲጨመርላት ደግሞ ያዞራታል፣ ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው።

ባለፈው ወር ኤምአርአይ ተነሳች። በቀኝ በኩል፣ በትንሹ አንጎልና በአንጎል ግንድ መካከል፣ 2.5 ሴንቲሜትር የሚሆን እጢ ተገኘ። ኤፒደርሞይድ ይባላል፣ ካንሰር አይደለም፣ ግን ነርቩን ከቦታል አሉን። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ይሻላል ብሏል።

እናቴ “ጭንቅላት ይከፈታል” የሚለውን ስትሰማ ደርቃ ቀረች። “ጥርሴን ነቅላችሁ አልበቃችሁም?” አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ካንሰር ካልሆነ ለምን ይነካል? ጨረር አይበቃም ወይ? ሕመሙስ በእርግጥ ይተዋታል? ፊቷ ይጣመም ይሆን? ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ።

ዮናስ

ማክዳ እህቴ፣ የጻፍሽውን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። የእኔም ኤፒደርሞይድ ነበር፣ በግራ በኩል። ኦፕራሲዮን ከሆንኩ አራት ዓመት አለፈኝ። ከእኔ የተነቀለው ጥርስ አንድ ብቻ ነው፤ የሁለተኛው ግን ቀጠሮ ተይዞ ነበር።

ይህን ሕመም ያልቀመሰ ሰው አይረዳውም። ከአፍንጫዬ ሥር፣ ከንፈሬ ጠርዝ ላይ፣ ምስር የምታክል አንዲት ቦታ ነበረች። እሷ ከተነካች አለቀልኝ። የአንሶላ ጫፍ ይበቃታል። ለሦስት ወር ጺሜን በቀኝ በኩል ብቻ እየተላጨሁ ኖሬያለሁ። ስለዚህ እማማን ማንም ሰው “ትንሽ ቻይው” እንዳይላት። ችላ ችላ ነው እዚህ የደረሰችው።

ከማደንዘዣው ስነቃ መጀመሪያ ያደረግሁት ምላሴን ወደዚያች ቦታ መላክ ነው። ነካኋት። ምንም የለም። ደግሜ ነካኋት። ነርሷ “ምን ሆነህ ነው?” ብላ ጠየቀችኝ። መናገር አልቻልኩም፣ እንባዬ ቀደመኝ።

ግን ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነበር ብዬ አልዋሽሽም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከብደውኛል። ራሴን ይፈልጠኝ ነበር፣ አንገቴ ደርቆ ትኩሳትም ነበረኝ። የእጢው ይዘት ወደ አንጎል ፈሳሽ ሲፈስ የአንጎል ሽፋኑን ያስቆጣዋል አሉኝ። ባክቴሪያ እንደሌለበት በምርመራ ካረጋገጡ በኋላ በስቴሮይድ ተሻለኝ። አንድ ወር ከግማሽ ያህል ደግሞ ደረጃ ስወርድ ነገሮችን ሁለት ሁለት አድርጎ ያሳየኝ ነበር። እሱም ለቀቀኝ። እስከ ዛሬ የቀረብኝ ከንፈሬ አጠገብ ትንሽ መደንዘዝ ነው። ተመልሼ ብጠየቅ ያንኑ ኦፕራሲዮን እመርጣለሁ፣ ያውም ቀደም ብዬ።

ሲስተር ሐና

ማክዳ፣ አይዞሽ። እኔ በነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍል ብዙ ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። የእናትሽን ፊልም አላየሁም፤ ስለዚህ የምነግርሽ አጠቃላዩን ነው።

ፊታችን ላይ የሚሰማንን ነገር ሁሉ ወደ አንጎል የሚወስደው አምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው፣ በእያንዳንዱ ጎን አንድ። ሦስት ቅርንጫፍ አለው፤ አንዱ ለግንባርና ለዓይን፣ አንዱ ለጉንጭና ለላይኛው መንጋጋ፣ አንዱ ለታችኛው መንጋጋ። ጥርሶቻችንም ስሜታቸውን የሚልኩት በዚሁ ነርቭ ነው። ብዙ ሰው ጥርሱን በከንቱ የሚያስነቅለው ለዚህ ነው። ጥርሱ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ሽቦው ነው።

ሽቦ ያልኩት በምክንያት ነው። ነርቩም እንደ ኮረንቲ ሽቦ ልባስ አለው። ከአንጎል ግንድ በሚወጣበት አካባቢ አንድ ነገር ሲጫነው ልባሱ ይሳሳል። ያኔ የመዳሰስ መልእክት ወደ ሕመም መስመር ይዘላል። ነፋስ እንደ ቢላ የሚሰማት ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ላይ የሚጫነው የደም ሥር ነው። ጥቂቶች ላይ ግን እጢ ይገኛል፤ ኤፒደርሞይድ፣ ሜኒንጂዮማ (ከአንጎል ሽፋን የሚነሳ) ወይም ሽዋኖማ (ከነርቭ ልባስ የሚነሳ)። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ዋልተር ዳንዲ የተባለው አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በ1934 በጻፈው ጽሑፍ፣ እነዚህን ሕመምተኞች ሲከፍት ነርቩን የተጫኑ የደም ሥሮችንና እጢዎችን እንዳየ ገልጿል። ኋላም ፒተር ጃኔታ በ1960ዎቹ በማይክሮስኮፕ እየታገዘ ነርቩን ከደም ሥር የማላቀቁን ሥራ አስፋፋው። ምርመራውን በጥርስ ብቻ ሳይሆን በኤምአርአይ ማረጋገጥ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። በተለይ ፊት ቀድሞ የደነዘዘ እንደሆነ፣ በዚያው በኩል ጆሮ መስማት ከቀነሰ፣ ሕመሙ በሁለቱም በኩል ከሆነ ወይም ሰውየው ገና ወጣት ከሆነ።

“ካንሰር ካልሆነ ለምን ይነካል?” ላልሽው፦ ካንሰር አይደለም ማለት ሌላ ቦታ ሄዶ አይዘራም ማለት ነው። ቦታ አይፈጅም ማለት አይደለም። ኤፒደርሞይድ ፅንስ ሲፈጠር ያለቦታው የቀረ የቆዳ ሕዋስ ነው። ቆዳችን እንደሚልጠው ሁሉ እሱም ወደ ውስጡ እየላጠ ይሞላል። በዝግታ ያድጋል፣ በነርቮችና በደም ሥሮች መካከል ባለው ስንጥቅ ሁሉ እየሾለከ። ሲከፈት ልክ እንደ ሉል ነጭ ሆኖ ያብረቀርቃል።

ኦፕራሲዮኑ እንዲህ ነው። ታማሚዋ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቷት በጎኗ ትተኛለች። ጭንቅላቷ እንዳይነቃነቅ ይያዛል። ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ፀጉር ተላጭቶ ቆዳው ይቀደዳል። ከዚያ 3 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ መስኮት አጥንቱ ላይ ይከፈታል። “ጭንቅላት ይከፈታል” ሲባል እናትሽ በዓይነ ሕሊናዋ የምታየው ሌላ ነገር ስለሚሆን ይህን መጠን በጣትሽ አሳያት። የአንጎሉ ፈሳሽ በዝግታ ሲፈስ ትንሹ አንጎል በራሱ ይረግብና መንገድ ይሰጣል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ እጢው መጀመሪያ ከውስጡ ይቀነሳል። ባዶው ሽፋን ደግሞ ከነርቮቹ ላይ ቀስ እየተባለ ይላጣል። ሙሉ ቀን የሚፈጅበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ውጭ ስትጠብቁ ሰዓቱ ስለረዘመ ብቻ አትደንግጡ።

አንድ የምወደው ነገር አለ። ጥሩ ሐኪም እጢውን አውጥቶ አይዘጋም። ነርቩን ዙሪያውን ያያል። አንዳንዴ እጢው የደም ሥር ገፍቶ ነርቩ ላይ አስተኝቶት ይገኛል። ያኔ የደም ሥሩን አላቆ በመካከል ቴፍሎን የተባለ ጥጥ መሰል ነገር ያስቀምጣል። ይህ ካልታየ እጢው ወጥቶም ሕመሙ ሊቀር ይችላል።

ቴዲ

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። አክስቴ እንዲህ ያለ እጢ ተገኝቶባት ኦፕራሲዮን አልፈልግም አለች። ስድስት ዓመት ሆናት፣ በመድኃኒት እየኖረች ነው። እጢውም ብዙም አልጨመረም። ሁሉም ሰው መቀደድ አለበት የሚባል ነገር ያስፈራኛል።

ሲስተር ሐና

ቴዲ፣ ልክ ነህ፣ ሁሉም አይቀደድም። እጢው ትንሽ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ሕመሙን ከያዘውና በየጊዜው ኤምአርአይ እየተነሳች ከሆነ መጠበቅም ራሱ ሕክምና ነው። ዕድሜው የገፋ ወይም ማደንዘዣ የማይችል ሰውም አለ። የማክዳ እናት ግን ሌላ ናት። መድኃኒቱ አልያዘላትም፣ መጠኑ ሲጨመር ደግሞ ያዞራታል። 54 ዓመቷ ነው፣ ከፊቷ ብዙ ዕድሜ አለ። እጢው እየቆየ በሄደ ቁጥር ደግሞ ከነርቮቹ ጋር ይበልጥ ይጣበቃል፤ ያኔ ማላቀቁም ይከብዳል። እኔ እናቴ ብትሆን አሠራታለሁ።

አልማዝ

ልጄ ማክዳ፣ ስለ ጨረር ስለጠየቅሽ ልንገርሽ። ባለቤቴ ተመሳሳይ ሕመም ነበረበት፣ የሱ እጢ ግን ሜኒንጂዮማ ነው። 68 ዓመቱ ነበር፣ ልቡም ደካማ ነው። ስለዚህ ጋማ ናይፍ የሚባለውን መረጡለት። ስሙ ቢላ ይበል እንጂ አይቀድም። ከብዙ አቅጣጫ የሚመጡ ቀጫጭን ጨረሮች እጢው ላይ ይገናኛሉ። ጭንቅላቱ ላይ ፍሬም አሰሩለት፣ ማታውኑ ቤት ገባ።

ነገር ግን ሕመሙ ያን ቀን አልተወውም። አራት ወር ጠበቅን። እነዚያ አራት ወራት ረጅም ነበሩ። አንዳንድ ቀን አልሠራም ብለን ተስፋ ቆርጠን ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ ቀነሰለት። አሁን መድኃኒቱን በግማሽ ነው የሚወስደው። እጢውም አልጠፋም፣ ማደጉን አቆመ እንጂ።

ለኤፒደርሞይድ ግን ጨረር እንደማይመርጡት ሐኪሙ ያኔውኑ ነግሮን ነበር። ውስጡ የሞተ ቆዳ ስለሆነ ጨረር ምን ያደርገዋል ብሎ። እናትሽን ይማርልሽ፣ ልጄ። ምሕረቱን ያውርድላት።

ብሩክ (ፋርማሲስት)

እኔ ስለ ካርባማዜፒን ብቻ ልናገር። ቀኑ እስኪደርስ በዚህ መድኃኒት ላይ ስለሆነች ጠቃሚ ነው።

በምንም ምክንያት በአንድ ጊዜ እንዳታቆመው። ሕመሙ በእጥፍ ይመለሳል፣ ሌላም ጣጣ አለው። ማዞሩና መንገዳገዱ መጠኑ እንደበዛ ሊያሳይ ይችላል፤ ደግሞም መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ያወርዳል። ስለዚህ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሶዲየሟንና የደም ሕዋስ ቁጥሯን እንዲያዩላት ጠይቂ። ቆዳዋ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ በተለይ አፏ ውስጥ ቁስል ወይም ትኩሳት ከተጨመረበት፣ ያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ለነገ አይባልም።

ኤሪትሮማይሲን ወይም ክላሪትሮማይሲን የተባሉ አንቲባዮቲኮች የካርባማዜፒንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጉታል። ለጉንፋን ብላችሁ እንዳትሰጧት። ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ጉልበቱን ያሳንሰዋል። የማደንዘዣ ባለሙያውም ይህን መድኃኒት እንደምትወስድ ማወቅ አለበት፤ አንዳንድ ጡንቻ የሚያላሉ መርፌዎችን ቶሎ እንዲያልፉ ያደርጋል። የኦፕራሲዮኑ ዕለት ጠዋት ትዋጠው ወይስ አትዋጠው የሚለውን ቀድመሽ ጠይቂ። በባዶ ሆድ ትምጣ ስለተባለ በራሳችሁ እንዳታስቀሩት።

ማክዳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሲስተር ሐና፣ 3 ሴንቲሜትሩን በጣቴ ሳሳያት “ይኸው ነው እንዴ?” አለችኝ። ከአንድ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ኦፕራሲዮኑ ያለ ለቅሶ አወራን።

አሁን የያዛት ፊቴ ይጣመማል የሚለው ፍርሃት ነው። ሐኪሙን ስናገኘውስ ምን ምን ብጠይቀው ይሻላል?

ሲስተር ሐና

ሁለት ነገር እንለይ። መደንዘዝ ሌላ፣ መጣመም ሌላ። ስሜት የአምስተኛው ነርቭ ሥራ ነው። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ሰባተኛው ነው። መስማትና ሚዛን የስምንተኛው። ሦስቱም እዚያው ጎረቤት ናቸው። ስለዚህ አደጋው የለም አልልሽም። ነገር ግን ኦፕራሲዮኑ ሲካሄድ ፊቷ ላይ ቀጫጭን መርፌዎች ተደርገው ሰባተኛው ነርቭ በማሽን ይጠበቃል። ሐኪሙ ወደ ነርቩ ሲጠጋ ማሽኑ ይጮኻል። ለመስማቱም ሌላ መለኪያ አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ ይህ ይሁን፦ “በኦፕራሲዮኑ ጊዜ ነርቮቹን የሚከታተል ማሽን ትጠቀማላችሁ?”

ቀጥለሽ በዚህ ቦታ ላይ ስንት ጊዜ እንደሠራ ጠይቂው። አታፍሪ። ጥሩ ሐኪም አይቀየምም። ሽፋኑ ከአንጎል ግንዱ ጋር ከተጣበቀ ምን እንደሚያደርግም ጠይቂ። “ሁሉንም ጠርጌ አወጣለሁ፣ ምንም ቢሆን” የሚል ሐኪም ያሰጋኛል። የተጣበቀችውን ስስ ቅሪት ትቶ በኤምአርአይ መከታተል ብዙ ጊዜ ከመድፈር ይሻላል። ከኦፕራሲዮኑ በፊት የመስማት ምርመራ እንዲደረግላትም ጠይቂ። ኋላ የሚያወዳድሩት ያገኛሉ።

ዮናስ

በሲስተር ሐና ላይ አንድ ልጨምር፦ ስለ ዓይን። ከኦፕራሲዮን በኋላ ግንባርና ዓይን አካባቢ ከደነዘዘ፣ ዓይን ውስጥ አቧራ ቢገባ እንኳ አይሰማትም። የእኔ አልጋ ጎረቤት ዓይኑ ቀልቶ ቀልቶ ሳይሰማው ቆስሎ ነበር። ጠዋትና ማታ በመስታወት ትይ። ከቀላ፣ ከደበዘዘባት ወይም የዓይኗ ቆብ ካልገጠመ ያኑ ቀን ለዓይን ሐኪም።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ከቁስሉ ወይም ከአፍንጫዋ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ከወጣ፣ ወይም ጉሮሮዋ ላይ ጨው ጨው የሚል ነገር ከወረደባት፣ የአንጎል ፈሳሽ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ከአንገት መድረቅ ጋር ከመጣ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ እያላት አልነቃ ካለችም እንደዚያው። ቀጠሮ አትጠብቁ።

ማክዳ

ከሁለት ወር በኋላ ተመለስኩ። እናቴ ኦፕራሲዮን ከሆነች አምስት ሳምንት ሞላት። ሰባት ሰዓት ፈጀ። ውጭ ቁጭ ብዬ ሲስተር ሐና ያለችኝን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ሌሊት አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) አደረች፣ በስምንተኛው ቀን ቤት ገባች።

ሐኪሙ እጢውን እንዳወጣ፣ አንጎል ግንዱ ላይ የተጣበቀች ስስ ሽፋን ግን ሆን ብሎ እንደተወ ነገረን። ከእጢው ሥርም ነርቩ ላይ የተኛ የደም ሥር አግኝቶ ቴፍሎን አስገብቶለታል። ፊቷ አልተጣመመም። የቀኝ ጆሮዋ መስማት ትንሽ ቀንሷል፣ ይህን አልደብቃችሁም። ራስ ምታቱ አሥር ቀን ያህል አሠቃያት።

ኮረንቲው ግን የለም። ባለፈው ሳምንት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ የውኃ ድምፅ ሰምቼ ስገባ በሁለት እጇ ፊቷን ስትታጠብ አገኘኋት። በሁለት እጇ! ሦስት ዓመት ሙሉ በግራ እጇ ብቻ፣ በጣት ጫፍ ነበር የምትጠርገው።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ቀኝ ጉንጯ ደንዝዟል፤ ስታኝክ ከውስጥ በኩል ትነክሰዋለች። መድኃኒቱንስ ሕመሙ ከጠፋ አሁኑኑ እናቁመው?

ሲስተር ሐና

እልል! እንኳን ደስ አላችሁ። ጉንጯን በተመለከተ፣ ለጊዜው በግራ በኩል ታኝክ፣ ከበላች በኋላ በመስታወት አፏን ትይ። ትኩስ ነገር ስትጠጣ መጀመሪያ በግራ ከንፈሯ ትሞክረው፤ በደነዘዘው በኩል ሳይሰማት ይቃጠላል። መደንዘዙ በወራት ውስጥ ሊቀንስ ይችላል፣ ጥቂቱ ሊቀርም ይችላል። ድንዛዜው ውስጥ የማያቋርጥ የማቃጠል ሕመም ከጀመረ ግን ለሐኪሙ ንገሩት፤ እሱ ከበፊቱ የተለየ ነገር ነው።

ብሩክ (ፋርማሲስት)

አሁኑኑ አይደለም። ሐኪሙ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ እየቀነሰ ነው የሚያወርድላት። ሲቀነስ ኮረንቲው ብልጭ ካለባት በራሳችሁ ሳትጨምሩ ደውሉለት። የቀነሰበትን ቀንና መጠን ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ሐኪሙ የሚያምነው እሱን ነው።

ዮናስ

እማማን ሰላም በይልኝ። የኤምአርአዩን ሲዲ፣ የፊተኛውንም የኋለኛውንም፣ አትጣሉት። የቀረችው ሽፋን ለዓመታት ትታያለች፣ ሲያወዳድሩ የድሮውን ፊልም ይፈልጋሉ። የእኔን የመጀመሪያ ሲዲ ስለጠፋብኝ አንድ ዓመት ሙሉ “ጨምሯል ወይስ አልጨመረም” እየተባለ ስጨነቅ ነበር። ሲነሱም ዲፊውዥን የሚባለውን ፎቶ እንዲጨምሩ አስታውሻቸው፤ ኤፒደርሞይድ በእሱ ላይ ነው ነጭ ሆኖ ጎልቶ የሚታየው።